«ተዘጋ»፣ «ተኮማተረ» እና «ጠበበ»

ጥያቄ፦ አንድ የጤና ጽሑፍ ሳርም «ፕሌትሌቶች ደሙን ስላረጉት የሳንባው ደም ሥር ጠበበ፤ የደም ግፊትም ተከሰተ» የሚል ዐረፍተ ነገር ገጠመኝ (ፕሌትሌቶች ደም ሲረጋ የሚሳተፉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ናቸው)። ሰዋስዉ ትክክል ቢሆንም «ጠበበ» የሚለው ግሥ አላረካኝም። በምትኩ «ተዘጋ» ወይም «ተኮማተረ» ቢባል የትርጉም ልዩነት ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል። ሦስቱ ግሦች በሳንባ ደም ሥር ላይ የሚደርሱ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚገልጹ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ የሕመሙ አካሄድ ይዛባል።

ደሙ ብዙውን ጊዜ የሚረጋው በእግር ጥልቅ ደም መልሶች ውስጥ ነው፤ ከዚያ የረጋው ደም ተቆርሶ በቀኝ የልብ ክፍል ያልፍና በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ይሰነቀራል። በዚህ ጊዜ ደም ሥሩ ከሌላ ስፍራ በመጣ ነገር ስለታገደ ትክክለኛው ግሥ «ተዘጋ» ነው። «ሳንባ ውስጥ ደም ረጋ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ደግሞ መርጋቱ እዚያው የተፈጸመ ስለሚያስመስል በጥንቃቄ ሊጻፍ ይገባዋል።

በተለይ የምሟገትለት ግን «ተኮማተረ» ነው፤ የፕሌትሌቶች ድርሻ ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ነውና። በተሰነቀረው የረጋ ደም ላይ የተሰበሰቡ ፕሌትሌቶች ሴሮቶኒንና ትሮምቦክሳን የተባሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ እነዚህም በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ያለውን ጡንቻ፣ ባልተዘጉት ደም ሥሮች ጭምር፣ ያኮማትሩታል። ግፊቱ አንዳንድ ጊዜ ከመዘጋቱ ስፋት በላይ የሚጨምረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። «ጠበበ» ብሎ ማለፍ ውጤቱን እንጂ ይህን ሥራ አይነግርም፤ መኮማተር ሊላላ የሚችል የጡንቻ ድርጊት መሆኑንም ይሰውራል።

«ጠበበ» ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። በአንዳንድ ሕሙማን የረጋው ደም ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ ይቀርና ጠባሳ መሰል ሆኖ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ ፕሌትሌቶች የሚለቋቸው ዕድገት አነቃቂ ፕሮቲኖችም የጡንቻ ሕዋሳት እንዲባዙና ግድግዳው እንዲወፍር ያግዛሉ። ይህን ለወራት የሚዘልቅ ለውጥ «ጠበበ» በሚገባ ይገልጸዋል።

«ስላረጉት» የሚለውም ለፕሌትሌቶች ከድርሻቸው በላይ ይሰጣቸዋል። እነርሱ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ መርጋቱንም ያፋጥናሉ፤ የረጋውን ደም አስሮ የሚይዘው ግን ፋይብሪን የተባለው የፕሮቲን ክር ነው። ስለዚህ «ደሙ እንዲረጋ ያግዛሉ» ማለቱ ይሻላል።

ብቻውን የቆመው «የደም ግፊት» ደግሞ አንባቢን በክንድ ወደሚለካው ግፊት ይወስደዋል። እዚህ የተፈለገው በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት ነው፤ ይህም በትክክል የሚለካው ወደ ቀኝ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ በዕረፍት ጊዜ አማካዩ ከ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲበልጥ ከፍተኛ ይባላል። ቀደም ሲል መለያው 25 ስለነበር የቆዩ ጽሑፎችን ሲያርሙ ቁጥሩን ልብ ይበሉ።

ጸሐፊው ሊገልጹ የፈለጉት ድንገተኛውን ሕመም ከሆነ ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ አቀናው ነበር፦ «ከእግር የተነሣ የረጋ ደም የሳንባውን ደም ቅዳ ዘጋ፤ በላዩ የተሰበሰቡት ፕሌትሌቶች በለቀቋቸው ኬሚካሎች ሳቢያ ሌሎቹም የሳንባ ደም ሥሮች ተኮማተሩ፤ የሳንባ ደም ቅዳ ግፊትም ከፍ አለ።»