አሮጌ መርከብ ላይ የቱ ክፍል ይሻላል? ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ የተሰበሰቡ ጥያቄዎች

ድሬ ባሕር የላትም። ዱባይ ልጅ ያለው፣ ካናዳ እህት ያለው ግን ሞልቷል። ልጆቹ ደግሞ አሁን አሁን እናት አባታቸውን በመርከብ ማንሸራሸር ለምደዋል። አዲሶቹ ግዙፍ መርከቦች ኪስ ስለሚጎዱ ብዙዎቹ የሚይዙት ረከስ ያለውን፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን ነው። እኔ እንደዚህ ዓይነት መርከቦች ላይ ሰባት ዓመት ክፍል አጽድቻለሁ። አልጋ አንጥፌ፣ ፎጣ ቀይሬ፣ የሰው ትውከት ጠርጌ ነው የተመለስኩት። ይህን የሰማ ሁሉ ከዚራ ላይ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ስለበዙ አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እናቴ የደንገጎን ዳገት እንኳ ያለ ፌስታል አትወጣም። ባሕር ላይ የት ላስተኛት?

ራስሽው መልሰሽዋል እኮ። ወደ ሐረር ስትወጪ አውቶቡስ ውስጥ መጀመሪያ የሚያስመልሰው ማነው? ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው። መሃል ያለው ያንኮራፋል። መርከብም እንደዚያው ነው። ማዕበል ሲመጣ ፊቱ ይነሳል፣ ጭራው ይወርዳል፤ ከዚያ ይገለበጣል። መሃሉ ብዙም አይነቃነቅም። ከፍታውም ለውጥ አለው። የዛፍ ጫፍና ግንዱ በንፋስ እኩል አይወዛወዙም አይደል? ስለዚህ ለእማማ መሃል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ያዢላት።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ላይኛው ፎቅ ዋጋው ስለሚወደድ የተሻለ ይመስለዋል። ባሕሩ ሲነሳ ጥሪ የሚበዛብን ከላይኛው ፎቅና ከፊት ካሉት ክፍሎች ነበር። ታች መሃል ያሉት በሬን እንኳ አያንኳኩም ነበር።

ዝንጅብል ትያዝ። የማስታወክ መከላከያ ክኒን አለ፤ የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን ሐኪሟን ሳትጠይቁ አትስጧት። ሲያጥወለውላት ስልክ አታይ፤ ወደ ውጭ ትውጣና ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ትመልከት።

መስኮት የሌለው ክፍል በጣም ርካሽ ነው። አያፍንም?

አያፍንም፤ ኤሲ አለ። ችግሩ ጨለማው ነው። መብራት ካጠፋህ ቀንና ሌሊት አይለይም። አንድ ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ኮት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። «ምሳ ቤቱ ለምን ተዘጋ?» አሉኝ። ስልካቸው ዘጠኝ ሰዓት ይላል፤ እሳቸው የቀኑ መስሏቸዋል። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ለባለቤቴ እንዳትነግራት» አሉኝ።

መላ አለው። ብዙ መርከብ ላይ ከፊት ያለውን ባሕር በካሜራ የሚያሳይ የቲቪ ቻናል አለ። ድምጹን አጥፍተህ እሱን ክፈት። ሲነጋ ቲቪውም አብሮ ይነጋል። ለሦስትና ለአራት ሌሊት እኔ ብሆን መስኮት አልባውን እይዛለሁ። ለሳምንት ግን አልደፍርም።

መስኮት ካማረህ ሁለት ነገር እወቅ። በጣም ታች ያለው ክብ መስኮት ባሕሩ ሲናወጥ ሠራተኛ መጥቶ በብረት ክዳን ይዘጋዋል፤ የከፈልክበት መስኮት ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባ ፊቱ የተሰቀለበት ክፍል ነው። «እይታው የተጋረደ» ይሉታል፤ በዚህ የተነሳ ይረክሳል። ሰው ይሸሸዋል፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ከጀልባው በላይ ወይም በታች ብርሃን ይገባል፣ ሲነጋ ታውቃለህ፣ ብዙ ጊዜም ለመሃሉ የቀረበ ነው። ባሕሩን ማየት ሲያምርህ ውጣና እይ፤ እዚያው ነው ያለው።

ወንድሜ አምስት ቀን ሄዶ እንቅልፍ ሳያይ ተመለሰ። ምን ቢይዝ ነው?

ክፍሉን እንጂ ጎረቤቱን አላየም። መርከብ ላይ ጎረቤት ከላይም ከታችም አለ። የየፎቁ ንድፍ ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ቁጥርህን ፈልግና የላይኛውን ፎቅ ደርብበት። ከላይህ መዋኛ ካለ ንጋት ላይ ወንበር ሲጎተት ትሰማለህ። ኩሽና ካለ ሰሃንና ጋሪ ነው። ከታችህ ዲስኮ ካለ አልጋህ ይጨፍራል። ከላይም ከታችም ክፍል ብቻ ያለበትን ምረጥ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዷን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህችን ያዝ።

ንድፉ ላይ ቁጥር የሌለው ነጭ ባዶ ቦታ ካየህ ደግሞ የእኛ የጽዳት ሠራተኞች ዕቃ ቤት ሊሆን ይችላል። ገና በጠዋት ጋሪዬን እያንቋቋሁ የምወጣው ከዚያ ነበር። ጎረቤቶቼ ይቅር ይበሉኝ።

ከፊት ጫፍ መልሕቅ አለ። ወደብ ደርሶ ሲጣል ሰንሰለቱ ሲወርድ ግድግዳው የተናደ ይመስላል። ጭራ ላይ ደግሞ ንዝረት ነው። አሮጌዎቹ ሞተራቸው ውስጥ ሆኖ ፕሮፔለሩን በረጅም ዘንግ ነው የሚያዞሩት። እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራችው ካርኒቫል ኢሌሽን ሞተሩ ከመርከቡ በታች ተንጠልጥሎ የሚዞርበትን አዚፖድ የተባለ ሥርዓት በመያዝ ከመዝናኛ መርከቦች የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ጭራውን ሽሽ። ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር ሌሊቱን ሲወያይ ያድራል።

በመሃል በር የሚገናኙ ክፍሎችም አሉ። ዘመድ ከጎንህ ካልሆነ አትያዝ። የማታውቀውን ሰው ሳል ትቆጥራለህ።

ሙሽሮች ነን። ስዊት የሚሉትን ትልቁንና ውዱን ክፍል እንያዝ ወይስ ይቅር?

መጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ! ግን ይቅርባችሁ። አዲስ መርከብ ላይ ስዊት የያዘ የራሱ ምግብ ቤትና የራሱ ሊፍት ሊኖረው ይችላል። አሮጌው ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሰፊ ክፍል፣ ሶፋና መታጠቢያ ገንዳ ነው። ምግቡ ያው፣ ሰልፉ ያው። ያውም ስዊቶቹ አንዳንዴ ላይኛው ፎቅ ፊት ጫፍ ላይ ናቸው። በጫጉላ ሳምንት ባልዲ ታቅፎ መዋል ነው የቀራችሁ። የሰባና የሰማንያዎቹ መርከቦች በረንዳ ያለው ክፍል ራሱ ጥቂት ነው የነበራቸው። መሃል ላይ በረንዳ ያለው ካገኛችሁ እሱን ያዙ፤ የተረፈውን ወደብ ላይ ዓሣ ብሉበት።

መርከቡ «ታድሷል» ይላል። እንዴት ልመን?

የተሠራበትንና የታደሰበትን ዓመት ለይተህ ጠይቅ። ምንጣፍና መጋረጃ መቀየርም እድሳት ይባላል። ቧንቧው ግን ያው ነው፤ ሽንት ቤት የሚሸተው በቧንቧ እንጂ በመጋረጃ አይደለም። እውነተኛ እድሳት ያየሁት ኤምኤስሲ የተባለው ኩባንያ መርከቦች ላይ ነው። ሊሪካ የ2003፣ ኦፔራ የ2004 ናት። ከሁለት እህቶቻቸው ጋር በ2014 እና በ2015 መሃላቸው ተቆርጦ 24 ሜትር የሚሆን አዲስ አካል ገብቶባቸዋል። ልክ እንደ ዳቦ። አስበው፤ ከነባሩ አዲስ የሆነው ክፍል ያለው መሃል ላይ ነው። ለእንቅልፍም የሚመቸው እሱው።

አሮጌ ከሆነ አይሰምጥም እንዴ?

አብሽር። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የመዝናኛ መርከብ በጥር 2012 ስትገለበጥ ሥራ ከጀመረች ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። የገደላት እርጅና ሳይሆን አለት ነው። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ደግሞ በቀላሉ በሚቀጣጠል ነገር የተሠሩ አሮጌ መርከቦች በዓለም አቀፍ ሕግ ከሥራ ወጥተዋል። አንተ ብቻ የመጀመሪያውን ቀን የአደጋ ልምምድ አትዝለል። ሐበሻ ክፍሉ ተደብቆ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንኳኩቼ ያስወጣሁትም እኔው ነኝ።

ጀበናና እጣን ይዘን እንግባ? ካቢን ውስጥ ቡና ብናፈላስ?

ምድጃ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ እጣን፣ ሁሉም ክልክል ነው። መርከብ ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳት ነው። ፍተሻ ላይ ይወሰድባችኋል። ጫት ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብ! ኤሚሬትስ ውስጥ ሕገ ወጥ ዕፅ ነው። መርከቡ ሳይነሳ እስር ቤት ነው የምትገቡት። የአወዳይ ሰው ሆይ፣ ቀልድ አይደለም።

ሶላት በጠባብ ክፍል ይመቻል? ቂብላስ?

ሁለቱ አልጋዎች ተለያይተው እንዲነጠፉ ለክፍል አጽጂው ንገሪው፤ መሃል ላይ መስገጃ የሚያክል ቦታ ይገኛል። ቂብላው መርከቡ በዞረ ቁጥር ይዞራል። ቲቪው ላይ የጉዞውን ካርታ የሚያሳይ ቻናል ካለ እያየሽ ታስተካክያለሽ። ስልክ ላይ ያለው ኮምፓስ ብረት መሃል ስለሆነ ይዋሻል።

አጫጭር ጥያቄዎች

ብቻዬን ነኝ ላልሽው፦ ክፍሉ የሚሸጠው ለሁለት ሰው ታስቦ ስለሆነ ወደ እጥፍ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ። ጓደኛ ፈልጊ።

«ክፍሉን ኩባንያው ይምረጥልህ» የሚለውን ርካሽ ቲኬት ላየኸው፦ እንቅልፍህ ከባድ ከሆነ ግዛ። ለእናትህ ግን አትግዛ።

አባታቸው በዊልቸር ለሚሄዱት፦ አሮጌ መርከብ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ከፍ ያለ ነው፣ በሩም ጠባብ ነው። ለዊልቸር የተሠሩ ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ ቀድማችሁ ያዙ።

ከጣሊያን ተነስታችሁ ቱርክ ደርሳችሁ ለምትመለሱት፦ የሸንገን ቪዛችሁ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ ለቱርክም ለብቻው ጠይቁ።

ቻርጀር፦ ሶኬቱ አንድ ወይም ሁለት ነው። ክቡ የኛ ዓይነት ብዙ ጊዜ ይገኛል። ማከፋፈያ ገመድ ይወሰዳል፤ ብዙ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ቻርጀር ግን ያልፋል። ግድግዳው ብረት ስለሆነ ማግኔት ይይዛል፤ ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ ያዙ።

የመጨረሻ፦ ክፍሉ ካልተስማማኝስ?

መርከቡ ሳይነሳ እንግዳ መቀበያው ጋ ሂድ። ባዶ ካለ ይቀይሩልሃል፤ ከሞላ ተስፋ የለውም። የሚረብሽህ መንኳኳት ብቻ ከሆነ ግን ለምን ትሰለፋለህ? መብራቱን አጥፋና ስማ። ዘጠና በመቶው መሳቢያ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ማንጠልጠያ ነው። ካልሲህን ጠቅልለህ ስንጥቁ ላይ ወትፍና ተኛ።