ተሳቢ ለሚጎትት መኪና የቱ የፍሬን ሸራ፣ የቱ ዲስክ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ተሳቢ የምጎትትበት ፒክአፕ አለኝ። መኪናው ወደ 2,500 ኪሎ ይመዝናል፣ ተሳቢው ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ይደርሳል። ባለፈው ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑ እየደከመ መጣ፣ የሚቃጠል ሽታም ነበረው። አሁን ደግሞ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። የፊቱን ሸራና ዲስክ ልቀይር ነው። አንዱ ሴራሚክ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው የተበሳሳ ዲስክ ካልሆነ አይሆንም ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸው። መጀመሪያ ፍሬንህ ምን ያህል ሸክም እንዳለበት እንይ።

ፍሬን መኪናውን የሚያቆመው ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እየጨመቀ፣ የእንቅስቃሴውን ጉልበት ወደ ሙቀት እየቀየረ ነው። ክብደት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ያንተ መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ 4,500 ኪሎ ናቸው። ይህን ይዘህ ከላይ እስከ ታች 300 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ስትጨርስ፣ አየሩና ሞተሩ የሚይዙልህን ካልቆጠርን፣ የሚወጣው ሙቀት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረርክ 12 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ብትቆም ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። ያውም ፍሬኑ መሃል ላይ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ሳያገኝ። ስለዚህ ላንተ ዋናው መመዘኛ ሙቀት መቻሉ ነው። ጩኸቱ፣ አቧራው፣ መልኩ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ወደ ሸራው እንሂድ። በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ታገኛለህ። ኦርጋኒክ የሚባለው ለስላሳ ነው፣ አይጮህም፣ ለከተማ ትንሽ መኪና ይበቃል፤ በከባድ ሙቀት ግን ቶሎ ይደክማልና ለአንተ አልመክረውም። ሴራሚኩ ንጹሕ ነው፣ ጎማው ላይ ጥቁር አቧራ አይረጭም፣ ድምፁም ትንሽ ነው፣ ባዶውን ለሚሄድ መኪና እኔም እወደዋለሁ። ሦስተኛው ሰሚ ሜታሊክ ነው፤ ውስጡ ብዙ የብረት ብናኝና ክር ስላለው ሙቀት ይችላል፣ ከባድ ነገር ለሚጎትት ሰው መጀመሪያ የማነሣው እሱን ነው። ትንሽ ይጮኻል፣ አቧራውም ይበዛል፣ ዲስኩንም በመጠኑ ይበላል። ይህን ሁሉ ቻለው። ለከባድ ሥራ ተብለው የተሠሩ ሴራሚኮችም ስላሉ ስሙን ብቻ አይተህ አትጣለው፤ ግን አምራቹ ለመጎተት ወይም ለከባድ ጭነት መሆኑን ካልጻፈበት ለተራ መኪና የተሠራ ነው ብለህ ቁጠረው።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሸራዎች ጠርዛቸው ላይ ረጅም የቁጥርና የፊደል መስመር ታትሞባቸዋል፤ እዚያ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ሁለት ፊደላት ፈልግ። የመጀመሪያው ሸራው ሳይግል፣ ሁለተኛው ግሎ ሳለ ዲስኩን ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራሉ። ኢ (E) ማለት የመያዝ መጠኑ፣ ማለትም የሰበቃ መለኪያው፣ ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፣ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ (G) ደግሞ ከ0.45 እስከ 0.55፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ይበልጥ ይይዛል። ኤፍ ኤፍ የሚለው ሲግልም ሳይግልም በዚያው ክልል ውስጥ ይይዛል ማለት ነው። ኤፍ ኢ ካለ ግን ሲግል ይደክማል፣ ያ ደግሞ አንተን ቁልቁለቱ ላይ የገጠመህ ነገር ነው። ፊደሉ ስለ ሸራው ዕድሜ ወይም ስለ ጥራቱ የሚነግርህ ነገር የለም፣ ስለ መያዝ ብቻ ነው።

ዲስክን በተመለከተ የተበሳሳውን ለአንተ አልመክርም። ቀዳዳው ያምራል፣ ውኃ ላይም ይረዳል። ግን ዲስኩ ደጋግሞ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ዙሪያ ነው፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ ሙቀት መሸከም የነበረበትን ብረት ቀንሷል። ቦይ የተቆረጠበት ዲስክ ይሻላል፣ ሸራው ሲግል የሚወጣውን ጋዝና ብናኝ ይጠርግልሃል፤ ዋጋው ሸራህን ቶሎ መጨረሱና ድምፁ ነው። ለአብዛኛው ተሳቢ ጎታች ግን ፊቱ ሜዳ የሆነ፣ መሃሉ የአየር መተላለፊያ ያለው፣ ከታመነ አምራች የመጣ ወፍራም ዲስክ ይበቃል። ሁለት ዲስክ አቅርበውልህ መጠናቸው አንድ ሆኖ ክብደታቸው ከተለያየ ከባዱን ውሰድ። ብረት በበዛ ቁጥር ሙቀቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው።

መሪው የሚንቀጠቀጠው «ዲስኩ ተጣሞ ነው» ይሉሃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲስኩ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ተለያይቶ፣ ወይም የጋለ ሸራ ፊቱ ላይ እኩል ባልሆነ ሁኔታ ተለጥፎበት ነው። ይህ እንዳይደገም አዲሱ ከመግባቱ በፊት ዲስኩ የሚቀመጥበትን ብረት ዝገቱን በደንብ አስጠርግ፤ እዚያ የቀረች ትንሽ ቅርፊት ዲስኩን ታወላግደዋለች። የጎማው ብሎኖችም በተሻጋሪ፣ በመመሪያው መጠን ይጥበቁ። በአየር መሣሪያ ብቻ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ መካኒክ ካጋጠመህ ቁልፍ ይዞ እንዲጨርስ ጠይቀው፣ አትፈር። አዲሱ ዲስክ ላይ ያለው የዝገት መከላከያ ቅባትም በፍሬን ማጽጃ ይታጠብ።

ከገጠምክ በኋላ ተሳቢውን ሳትቀጥል ሸራውን አለማምደው። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር እስከ 10 ገደማ ድረስ መካከለኛ አያያዝ እየያዝክ ቀንስ፣ ሳትቆም፣ ትንሽ ሄደህ አየር እንዲያገኝ አድርገህ እንደገና፣ እንዲህ ከስምንት እስከ አስር ጊዜ። የሸራው አምራች የራሱ መመሪያ ካለው እሱን ተከተል። ሲግል ግን ፍሬኑን ረግጠህ አትቁም፣ ያኔ ነው ሸራው በአንድ ቦታ የሚለጠፈው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ሸራም ዲስክም አዲስ ነው፣ ግን ከባድ ነገር ስጎትት ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ መርገጫ ወደ ታች ይሰምጣል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሸራው አይረባም ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሸራውን ከመውቀስሽ በፊት ዘይቱን እዪ። መርገጫው ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆምም ካለ የደከመው ሸራው ነው። መርገጫው ለስልሶ ወደ ታች ከወረደ ግን ብዙ ጊዜ የፈላው የፍሬን ዘይት ነው፣ ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይፈጠራልና ግፊቱ ሸራውን ዲስኩ ላይ ወደሚጫነው ካሊፐር አይደርስም። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበት በጠጣ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 (DOT 4) የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ መቻል አለበት፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መስፈርቱ ራሱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ገደማ አስቀይሪው፣ ብዙ የምትጎትቺ ከሆነ ቀደም አድርጊ። ዶት 3 እና ዶት 4 ይቀላቀላሉ። ዶት 5 ግን የሲሊኮን ስለሆነ ከእነሱ ጋር በጭራሽ አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ከሚባለው ጋርም እንዳታምታቺው። ሳይግልም የሚሰምጥ ከሆነ ግን መፍሰስ ወይም የዋናው ፓምፕ ችግር ነው፣ መኪናውን አቁመሽ አሳዪ።

ጥያቄ፦ አንዱ ጎማ ብቻ ሸራው አልቋል። አንዱን ብቻ ብቀይር?

መልስ፦ አይሆንም። በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየራል፣ አለበለዚያ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል። ይልቅ አንዱ ለምን ቀድሞ እንዳለቀ ፈልግ። የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒን ደርቆ፣ ወይም ፒስተኑ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ፒኑ ተጠርጎ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ቅባት ተቀብቶ ይመለስ። ዲስኩ ላይ የታተመውን ዝቅተኛ ውፍረትም ተመልከት፤ እዚያ የደረሰ ወይም ያለፈ ዲስክ አይላግም፣ ይጣላል።

ጥያቄ፦ ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው። ታዲያ የመኪናው ሸራ ይህን ያህል ያሳስባል?

መልስ፦ ተሳቢው በትክክል የሚይዝ ከሆነ የመኪናህ ሸራ ዕድሜ ይረዝማል፣ ካልያዘ ግን ክብደቱ በሙሉ መኪናህ ላይ ነው። ፍሬኑ የኤሌክትሪክ ከሆነ ሜዳ፣ ደረቅና ባዶ ቦታ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድክ ከመቆጣጠሪያው የተሳቢውን ብቻ ያዝ፤ ጎማዎቹ ሳይቆለፉ ጎተት ሊያደርግህ ይገባል። ምንም ካልተሰማህ ሽቦውን፣ ማግኔቱንና የውስጡን ሸራ አሳይ። መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ገፍቶ በራሱ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መጋጠሚያው ዝጎ እንዳልተጣበቀ እይ። ቁልቁለቱን ገና ከላይ ሳለህ ከባድ ማርሽ አስገብተህ ጀምር፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬኑን ዝም ብለህ ረግጠህ አትውረድ፤ ጠንከር አድርገህ ፍጥነቱን ቀንስና ልቀቀው፣ ሲጨምር ድገመው።