ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ጓደኞች ግን መግባት አቃታቸው

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለ ጌም ሰርቨር (ጓደኛሞች አብረው እንዲጫወቱ ጌሙን ስለሚያስተናግደው ፕሮግራም) የሚመጣው ጥያቄ ይበዛል። ዛሬ ከቤት ራውተር ጋር የተያያዙትን ሰብስቤ እመልሳለሁ።

ማይንክራፍት ሰርቨር ሠርቼ ራውተሩ ላይ ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) 25565ን ከፈትኩ። እኔ እገባለሁ፣ ጓደኞቼ ግን ከቤታቸው መግባት አልቻሉም። ሦስት ቪዲዮ አይቼ ያሉትን ሁሉ አድርጌያለሁ። (ከአዳማ)

ራውተርህን እንደ ኮንዶሚኒየም ጥበቃ አስበው። ከውስጥ ማን እንደወጣ ስለሚያይ፣ መልስ ሲመጣ ለማን እንደሆነ ያውቃል። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ግን የትኛው ቤት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ከበር ይመልሰዋል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት «25565 ብሎ የመጣ ሰው እኔ ቤት ይግባ» ብሎ ለጥበቃው መንገር ነው። አንተ ይህን ነግረኸዋል። እኔ የምጠረጥረው ከግቢው ውጭ ሌላ ጥበቃ እንዳለ ነው፤ እሱ ደግሞ አንተን አይሰማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምንገኝባቸው ቁጥሮች፣ የአይፒቪ4 አድራሻዎች፣ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነ ለሁሉም አይዳረስም። ስለዚህ ብዙ የኢንተርኔት ኩባንያዎች በርካታ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ስር ያስቀምጣሉ። ይህ ሲጂናት ይባላል። በሲም ካርድ የሚሠሩ ራውተሮች ላይ በጣም የተለመደ ነው።

ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለህ ግባ፤ አንዳንዱ ራውተር 192.168.0.1 ወይም 192.168.8.1 ይጠቀማል፣ ትክክለኛው ከራውተሩ ጀርባ ተለጥፏል። «ስታተስ» የሚለው ገጽ ላይ «ዋን አይፒ» የሚል ቁጥር ታያለህ፤ ራውተርህ ከውጭ የተሰጠው አድራሻ ነው። እሱን ጻፈው። ከዚያ የራስህን አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ ክፈትና ሁለቱን አስተያይ። አንድ ዓይነት ከሆኑ መንገድህ ክፍት ነው። የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል ከሆነ፣ ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ሲጂናት ውስጥ ነህ። ያን ጊዜ መቶ ቪዲዮ ብታይ ራውተሩ ላይ የምታደርገው ነገር አይጠቅምም። ወይ ኩባንያውን ፐብሊክ አይፒ ትጠይቃለህ፣ ወይ ደግሞ ቴይልስኬል ወይም ዜሮቲየር የሚባል ፕሮግራም ጭነህ ጓደኞችህን በግል ኔትወርክ ታገናኛለህ። በነፃ የሚሰጡት አገልግሎት ለጥቂት ጓደኛሞች ይበቃል፤ ፖርት መክፈትም አያስፈልግም።

ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት ሆነው አሁንም ካልሠራ፣ የሞላኸውን መስመር እንደገና እየው። የውጭ ፖርት 25565፣ የውስጥ ፖርት 25565፣ ፕሮቶኮል ቲሲፒ፣ የውስጥ አይፒ ደግሞ የኮምፒውተርህ (ለምሳሌ 192.168.1.50) መሆን አለበት። ይህ ለጃቫው ማይንክራፍት ነው። የስልኩ ቤድሮክ 19132ን በዩዲፒ ነው የሚጠቀመው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከዚያ የዊንዶውስን ፋየርዎል ተመልከት። ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሳ «ጃቫን ልፍቀድለት?» ብሎ ጠይቆህ ካንስል ብለኸው ከሆነ ዘግቶታል። በፖርት መፈተሻ ድረ ገጽ ስትሞክር ደግሞ ሰርቨሩ መነሳቱን አረጋግጥ። ካልተነሳ ፖርቱ ሁልጊዜ «ዝግ» ነው የሚልህ።

ከዚህ ሁሉ ኮምፒውተሬን ዲኤምዜድ ውስጥ ባስገባውስ? (ከደሴ)

እባክህ አታድርገው። አንድ ፖርት መክፈት ሲበቃህ፣ ዲኤምዜድ ኮምፒውተርህን በሁሉም ፖርት ለውጭ ያጋልጠዋል። ለአንድ ጌም ብለህ ፋይልህን፣ ፎቶህን፣ የቤተሰብህን ሰነድ ለአደጋ አትስጥ።

ማታ እስኪበቃን ተጫወትን። ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አይገባም። ምንም የነካሁት ነገር የለም። (ከባሕር ዳር)

አንቺ ባትነኪውም ሁለት ነገር ሊቀየር ይችላል። የመጀመሪያው የውስጥ አድራሻሽ ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አድራሻዎችን እንደገና ያድላል። ትናንት 192.168.1.5 የአንቺ ኮምፒውተር ነበር፤ ዛሬ የወንድምሽ ስልክ ሆኖ ይሆናል፣ ራውተሩም ጓደኞችሽን ወደ ስልኩ እየላካቸው ነው። መፍትሔው ራውተሩ ላይ «ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን» የሚለው ቦታ ገብተሽ ኮምፒውተርሽን ከአንድ ቋሚ ቁጥር ጋር ማሰር ነው። አንዴ ካሰርሽው አለቀ።

ሁለተኛው የውጭ አድራሻሽ ነው። ኩባንያው አዲስ ቁጥር ሰጥቶሽ ከሆነ ጓደኞችሽ የያዙት አሮጌውን ነው። ዳክዲኤንኤስ ወይም ኖአይፒ ላይ በነፃ ስም አውጪና ቁጥሩን ትተሽ ስሙን ስጫቸው። ቁጥሩ ሲቀየር ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው ፕሮግራም ራሱ ያስተካክለዋል።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ድንገት ሲሄድ ሰርቨሩ እየጻፈ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ወራት የለፋችሁበት ከተማ በአንድ ሌሊት ሲጠፋ በጣም ያማል። የጌሙን ዓለም የያዘውን ፎልደር («ወርልድ») በየቀኑ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊው። ስትጨርሺም መስኮቱን በኤክስ አትዝጊው፤ «ስቶፕ» ብለሽ አቁሚው።

የ14 ዓመት ልጄ ለጌም ራውተሩ ላይ ፖርት ካልከፈትኩ ይላል። እኔ ይህን ነገር አላውቀውም። ልፍቀድለት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ይፍቀዱለት፣ ግን አብረውት ይቀመጡ። ልጅዎ ሰርቨር ማስነሳት እየተማረ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አደጋው ፖርቱ መከፈቱ ብቻ አይደለም። ዋናው ከፖርቱ ጀርባ ያለው ፕሮግራም ነው። ታኅሣሥ 2021 (እ.ኤ.አ.) ሎግፎርጄ በሚባል የጃቫ ኮድ ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። ማይንክራፍት ላይ አንድ ሰው ቻት ውስጥ አንድ መስመር ጽፎ ብቻ የሰርቨሩን ኮምፒውተር ማዘዝ ይችል ነበር። የማይንክራፍት ሥሪት 1.18.1 ወጥቶ ቀዳዳው ተዘጋ። ስለዚህ ሥሪቱ አዲስ ይሁን፤ ሞድና ፕለጊንም (ጌሙ ላይ የሚጨመሩ ፕሮግራሞችን) ካልታወቀ ቦታ አያውርድ።

ቀጥሎ «ዋይት ሊስት» እንዲያበራ ይንገሩት። ስማቸው የተመዘገበ ጓደኞቹ ብቻ ይገባሉ። «ማን ያውቀኛል?» ቢልዎት አይቀበሉት፤ ቀን ከሌት ኢንተርኔቱን ሙሉ እየዞሩ ክፍት ፖርት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። «ኦንላይን ሞድ» የሚለውም (የሚገባው ሰው በእውነተኛ አካውንቱ መሆኑን የሚያጣራው) እንደበራ ያረጋግጡ። ያልተገዛ ማይንክራፍት የሚጫወቱ ጓደኞች ካሉት ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ ማንም የሌላ ሰው ስም ይዞ ሊገባ ስለሚችል ዋይት ሊስቱ አያድነውም። እንዲህ ከሆነ ፖርት አይከፈት። ከላይ ያልኩትን የግል ኔትወርክ ይጠቀሙ።

የራውተሩን ፓስወርድ እርስዎ ቀይረው እርስዎ ይያዙት። «ዩፒኤንፒ» የሚባለውንም ያጥፉት፤ ሲበራ ማንኛውም ፕሮግራም ሳይጠይቅዎት ፖርት ይከፍታል። ጨዋታው ሲያልቅ መስመሩ ይሰረዝ።

ጓደኞቼ ይገባሉ። እኔ ግን ለእነሱ በሰጠሁት አድራሻ ስሞክር እምቢ ይለኛል። (ከሐዋሳ)

ምንም አልተበላሸም። ብዙ ራውተር ከቤት ወጥቶ ተመልሶ ወደዚያው ቤት የሚገባን ትራፊክ አያስተናግድም። አንተ በውስጥ አድራሻህ ግባ። ሰርቨሩ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከሆንክ ደግሞ 127.0.0.1 ይበቃሃል።

ኩባንያው የሰጠን ሞደም አለ። እኔ የራሴን ራውተር ገዝቼ ከሱ ጋር አያያዝኩ። ፖርት የከፈትኩት በራሴ ላይ ነው፣ ግን አይሠራም። (ከኔታንያ)

የራስህ ራውተር ዋን አይፒ በ192.168 ይጀምራል፣ አይደል? ሁለቱም ራውተር ሆነው እየሠሩ ነው። ኩባንያው ሞደሙን «ብሪጅ ሞድ» ላይ እንዲያደርግልህ ጠይቅ፤ ያን ጊዜ ሞደሙ ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ ያሳልፋል። እምቢ ካሉህ ሁለት ጊዜ ክፈት፤ ከሞደሙ ወደ ራውተርህ፣ ከራውተርህ ወደ ኮምፒውተርህ።

እኔ አዲስ አበባ፣ የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። የኔ ሰርቨር ላይ ስንጫወት ፒንጉ (መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) በጣም ይበዛበታል። ፓኬጁን ከፍ ባደርገው ይቀንሳል?

አይቀንስም። በመካከላችሁ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ 115 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ገመዱ ግን ባሕር ለባሕር ስለሚዞር እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በላይ ነው። ይህን ምንም ፓኬጅ አያሳጥረውም።

ሰርቨር ለሚያስነሳ ሰው የሚያስፈልገው አፕሎድ (ወደ ውጭ የመላክ ፍጥነት) ነው፤ ዳውንሎዱ ብቻ ተጽፎ ብታይ አትታለል። ኮምፒውተርህን ከዋይፋይ አውጥተህ በኬብል አገናኘው፤ የፒንጉ መዋዠቅ ይቀንሳል። የምትጫወቱት ተኩስ ከሆነ፣ ፍራንክፈርት ወይም ሌላ የአውሮፓ ከተማ ያለ ሰርቨር ተጋርታችሁ ተከራዩ፤ ርቀቱ ለሁለታችሁም ይቀራረባል። ማይንክራፍት ላይ ቤት መገንባት ከሆነ ግን 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ቢሆንም ትጫወታላችሁ፤ ለፓኬጅ ብለህ ተጨማሪ ብር አታውጣ።