«አዝራሩን መታ ያድርጉ» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ከርማለች። እንዲቀላት ብዬ ስልኳን በአማርኛ አደረግሁላት። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ። «አዝራሩን መታ ያድርጉ ይለኛል። የማንን አዝራር ነው የምመታው?» አለች። እኔም መልስ አልነበረኝም። ቁልፍ የሚባል የታወቀ ቃል እያለን ይሄን ከየት አመጡት?

መልስ፦ እናትሽን ሳሚልኝ። ልክ ናት።

አዝራርን ግን የስልክ ሰዎች አልፈጠሩትም። የቆየ ቃል ነው፣ የልብስ ቁልፍ ማለት ነው። ዐረብ አገር ሠርታ የመጣች ጎረቤት ካለሽ ጠይቂያት። የሸሚዝ ቁልፍ አንድ ሲሆን «ዚር»፣ ሲበዛ «አዝራር» ትልሻለች። እኛ ብዙውን እንደ አንድ ቆጥረን ወሰድነው። አሁን ደግሞ «አዝራሮች» እንላለን፣ በብዙ ላይ ብዙ። ሰፈራችን ውስጥ ግን ይህን ቃል ሲጠቀም የሰማሁት ሰው የለም። ሁሉም ነገር ቁልፍ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የበር ቁልፍ፣ የሊፍት ቁልፍ፣ የሪሞት ቁልፍ።

አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ቻለ? ሥሩን እይው። ቆለፈ ነው። የኛ ቁልፍ ዋና ሥራው መዝጋት ነው። ሸሚዝም ይቆለፋል፣ በርም ይቆለፋል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17ን በአማርኛ ያነበበ «የቍልፈታችሁን ሥጋ» የሚለውን ያስታውሳል። እሱም የዚሁ ዘመድ ነው፣ ዝርዝሩን ለናትሽ ተዪው። የሚገርመው በር የምንከፍትበትንም ቁልፍ ማለታችን ነው። ስሙ መክፈቻ ነበር። ጴጥሮስ የተሰጠው በቆየው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የመንግሥተ ሰማያት መክፈቻዎች» ነው፣ ቁልፎች አይልም። ዛሬ መክፈቻ ብትይ የቢራ ያቀርቡልሻል። በር ላይ የሚንጠለጠለው ደግሞ ጓጉንቸር ቁልፍ ነው። በአንዳንድ አገር እንቁራሪትም ጓጉንቸር ትባላለች። አንድ ጊዜ ሱቅ ገብቼ «ቁልፍ አለህ?» ብለው ባለሱቁ «የበር ነው የልብስ?» አለኝ። የዚህ ቃል ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው።

የሊፍቱ ቁልፍ ግን ምን ይቆልፋል? ምንም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። እንግሊዞች ለታይፕና ለኮምፒውተር የበሩን መክፈቻ ስም ሰጡ። ለሊፍቱና ለደወሉ ደግሞ የሸሚዙን ስም ሰጡ። እነሱ ዘንድ ሁለት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። እኛ ጋ ሲደርሱ የበሩም የሸሚዙም ስም ድሮውኑ ቁልፍ ስለነበር ሁለቱም አንድ ቤት ገቡ። «ቁልፍ ሚና»፣ «ቁልፍ ሰው» የሚባለውም በዚያው በር ነው የገባው። እሱን እንኳ ብዙ አልወደውም። ዜና በሰማሁ ቁጥር አንድ ሰው ቁልፍ ሚና ይጫወታል።

«መታ ያድርጉ» ያለውን ግን አትሳቁበት። እኔ 26 ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤ አንጽፍም፣ እንመታ ነበር። «ይቺን ምቺልኝ» ይላል አለቃ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አድርጎ። ኦሊቬቲዋ ታይፔ እውነትም ዱላ ትፈልግ ነበር። ትንሿ ጣቴ ዛሬም ቆልመም ያለች ናት። ፊደላችን 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ታይፑ ላይ ያለው ቁልፍ ደግሞ ሃምሳም አይሞላ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕ ሲሠሩ ዘዴው የፊደሉን አካል አንድ ጊዜ፣ ቅጥያውን ሌላ ጊዜ መምታት ነበር። ስለዚህ ቅጥያው ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመ «ሉ» ስታዪ፣ ያን ሁለት ጊዜ የመታችውን ሴት አስቢያት።

አሁን ወደ አዝራር ልመለስና ሽንፈቴን ልናገር። እኔም እንደናትሽ «ቁልፍ ይበቃናል» ባይ ነበርኩ። ባለፈው ክረምት ስልኬ ደርቆ ቀረ። የልጅ ልጄ ከናዝሬት በጎረቤት ስልክ መራኝ። «እማዬ፣ ቁልፉን ይዘሽ ቆዪ፣ እስኪበራ እንዳትለቂው» አለኝ። ሄጄ የቤቱን ቁልፍ ከመስቀያው አወረድኩና ጨብጬ ቆምኩ። «ያዝሽው?» አለኝ። «ይዣለሁ» አልኩት። «በራ?» «አልበራም።» «ጠበቅ አድርጊው!» ጠበቅ አደረግሁት። መዳፌ ላይ የቁልፉ ጥርስ ታተመ። ጎረቤቴ ናት ሳቋን መያዝ አቅቷት ስልኩን ከጎኑ የተጫነችልኝ።

እና ስልክ ላይ ቃሉ ያስፈልጋል። ስልክ ራሱ ይቆለፋል። የሚቆልፈውም፣ የሚከፍተውም፣ የሚጫነውም ሁሉ ቁልፍ ከሆነ እንደኔ የቤት ቁልፍ ጨብጦ የሚቆም ይበዛል። ለእናትሽ እንዲህ በያት፦ አዝራር ማለት መስታወቱ ላይ የተሳለው ቁልፍ ነው፣ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ንኪው። «መታ» ያለውንም አትስሚው በያት፣ መስታወቱ ውድ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። ባለቤቴ «ቁልፍ ይሰፋል እንጂ አይተከልም፣ የሚተከል ባሕር ዛፍ ነው» እያለ ያርመኛል። የሸሚዙ ቁልፍም በሳምንቱ ይወልቃል፣ እሱ ደግሞ የኔ አተካከል ነው ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ በቃሉ አንቺ፣ በቁልፉ እሱ።

ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱና «ቁልፍ ትከልልኝ» በሉት፣ ቀና ብሎም አያያችሁ። ጨርቅ ይሰፋል፣ ቁልፍ ይተከላል። ፈረንሳዮች የሸሚዝ ቁልፍን «ቡቶን» ይላሉ። ያው ቃል የአበባ እምቡጥም ነው፣ ብጉርም ነው። እምቡጥ ከሆነ ደግሞ መትከል ምን ይገርማል? ይህንን ለባልሽ ንገሪውና ብጉሩን ዝለዪው።

የሚወልቀው አንገት ስላላበጀሽለት ይመስለኛል። ይህን ያስተማረኝ ሰፈራችን በረንዳ ላይ የሚሰፋ ሽማግሌ ነው። ቁልፉን ጨርቁ ላይ አስቀምጪ። ከላይ፣ በቀዳዳዎቹ መሃል፣ አንድ የክብሪት እንጨት አጋድሚ። ክሩን በእንጨቱ ላይ እያሳለፍሽ ስፊ። ባለ አራት ቀዳዳ ከሆነ ሁለት ሁለቱን ለየብቻ አድርጊው፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። ከዚያ እንጨቱን ምዘዢ። ክሩ ላላ ይላል። ቁልፉን ወደ ላይ ሳብ አድርጊና መርፌውን በቁልፉና በጨርቁ መካከል አውጪው። በተረፈው ክር አራት አምስት ጊዜ ጠምጥሚና ከሥር ቋጥሪ። አሁን ቁልፉ አንገት አለው። ሲቆለፍ የላይኛው ጨርቅ የሚያርፍበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። አንገት የሌለው ቁልፍ ጨርቁን ያንቃል፣ ክሩም ቶሎ ይበላል። ለኮት ሲሆን እንጨቱን ሁለት አድርጊው።

ሌላም ነገር። አዲስ ሸሚዝ ስትገዙ ከውስጥ፣ ጎኑ ላይ፣ ትርፍ ቁልፍ ተሰፍቶበት ይመጣል። ብዙ ሰው ቆርጦ ይጥለዋል። እኔ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማለሁ። የልጅ ልጄ ብስኩት መስሎት ሦስቴ ከፍቶታል።

ጥያቄ፦ ከኔታንያ፣ እስራኤል። ልጆቼ «ካፍቶር» ይላሉ፣ ለሸሚዙም ለማሽኑም አንድ ቃል። አማርኛ ሳስተምራቸው ቁልፍ አልኳቸው፣ ተቀበሉኝ። ትንሹ ግን አውቶቡስ ላይ ስንሄድ ለመውረድ የሚጫነውን ቀዩን ቁልፍ አሳይቶኝ «ይሄስ በአማርኛ ምን ይባላል?» አለኝ። ዝም አልኩ።

መልስ፦ «ወራጅ አለ!» ይባላል።