በርካሽ የተገዛ አሮጌ የጣሊያን ብስክሌት፦ ከስሙ በፊት ብረቱን አንብቡ

ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን ሚላኖ አጠገብ ከሚውል የእሁድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በ70 ዩሮ የገዛውን ብስክሌት እየገፋ ቤቴ መጣ። ብስክሌቱ የበር ቀለም በሚመስል ጥቁር ቀለም በብሩሽ የተለቀለቀ ነበር። ምንም ስም አልተጻፈበትም፣ ጎማውም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የወንድማችን ሐሳብ ወደ ታች የታጠፈውን የእሽቅድምድም መሪ አውልቆ ቀጥ ያለ መሪ መግጠም፣ ከኋላው የምግብ ማድረሻ ሣጥን ማሰርና በማግስቱ ሥራ መጀመር ነበር። እኔ ግን የኋላው ጎማ ዘንግ በሚገባበት ብረት ላይ «ካምፓኞሎ» የሚለው የታወቀ የጣሊያን የብስክሌት ዕቃ ሠሪ ስም ከቀለሙ ሥር ጎላ ብሎ ስለታየኝ፣ ለአንድ ሳምንት ምንም ነገር እንዳይነካ ለመንሁት።

ይህን የምጽፈው በጣሊያን፣ በጀርመን፣ በአሜሪካም ሆነ በሌላ አገር ለምትኖሩና እንዲህ ያለ ብስክሌት ከገበያ፣ ከጎረቤት ጋራዥ ወይም ከክላይንአንዛይገንና ከክሬግስሊስት የመሸጫ ድረ ገጾች በትንሽ ገንዘብ ለገዛችሁ ወገኖቼ ነው። ሃያ ዓመት ያህል አሮጌ ብስክሌቶችን ስጠግን ብዙ ወገኖች ውድ ዕቃ ሳያውቁ ሲያበላሹ አይቻለሁ፤ ተራውን ዕቃ ውድ ነው ብለው ገንዘባቸውን የጨረሱም አሉ። ሁለቱም የሚሳሳቱት ስሙን አስቀድመው ስለሚፈልጉ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጣሊያን የብስክሌት ሥራ ውስጥ በቱቦው ላይ የተጻፈው ስምና ብረቱን የበየደው እጅ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ታላላቆቹ ስሞች የታወቁ ናቸው፦ በ1885 ሚላኖ ውስጥ የተመሠረተው ቢያንኪ፣ የካምቢያጎው ኮልናጎ፣ የኩዛኖ ሚላኒኖው ደ ሮዛ፣ የትሬቪዞው ፒናሬሎ፣ የቶሪኖው ጆስ፣ በቪጎሬሊ የውድድር ሜዳ ሥር ይሠራ የነበረው ፋሊዬሮ ማዚ። ይሁን እንጂ በየመንደሩ ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ይዘው ለእነዚህ ስሞችም ለሌሎችም ፍሬም (የብስክሌቱን የብረት አካል) የሚበይዱ ስማቸው ያልተጻፈ ባለሙያዎች ነበሩ። ታዋቂ ተወዳዳሪዎችም ከሚያምኑት ባለሙያ ፍሬም አሠርተው በቡድናቸው ድርጅት ቀለም ያስቀቡት ነበር። በዚያ ላይ የቀለምና የተለጣፊ ጽሑፍ ነገር አለ፤ ከቱቦ ሠሪው ከኮሎምቡስ ምልክት ጀምሮ እስከ ኮልናጎ አበባ ድረስ አዲስ የታተመ ተለጣፊ ዛሬ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ከተሸጡት ቢያንኪዎች መካከልም ጃፓን ውስጥ የተሠሩ ብዙዎች አሉ፤ በሚገባ የተሠሩ ቢሆኑም ሰብሳቢ ለእነርሱ የሚከፍለው ከጣሊያኖቹ ያነሰ ነው። በአንጻሩ ማዚ በ1973 ካሊፎርኒያ፣ ካርልስባድ ውስጥ በከፈተው ማምረቻ የተሠሩት አሜሪካ ውስጥ መሠራታቸው ዋጋቸውን አልቀነሰውም። ስለዚህ ተለጣፊው መነሻ ይሁናችሁ እንጂ ማስረጃ አይሁናችሁ።

ማስረጃው በልክ ይገኛል። አንድ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ)፣ አንድ የእጅ ባትሪና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃችኋል። በመጀመሪያ የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበትን አግድም ቱቦ ስፋት ለኩ። የጣሊያኑ ልክ 70 ሚሊሜትር ሲሆን የእንግሊዙ 68 ነው። በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው የጣሊያን የብሎን ጥርስ 36 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት በሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ በእንግሊዙ ግን በሰንሰለቱ ወገን ያለው ወደ ግራ ነው። ይህ ለመለየት ብቻ የሚረዳ አይደለም። ልዩነቱን የማያውቅ ጠጋኝ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ በጉልበት ከጠመዘዘው ጥርሱ ይበላል፣ ፍሬሙም ዋጋውን ያጣል። ጣሊያንኛ ባትናገሩም ከእነዚህ ቃላት ግማሹን ከአገር ቤት ጋራዥ ታውቋቸዋላችሁ፤ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ኩሽኔታው፣ ዳዶው፣ ካቻቢቴው ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ስለሆኑ ሚላኖ ያለ ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ብትሄዱ ከምታስቡት በላይ ትግባባላችሁ።

ቀጥሎ የኮርቻውን ዘንግ አውጡና ስፋቱን አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ተቀርጾበታል። የኮርቻው ቱቦ የውጭ ስፋት 28.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ዘንጉ ወፍራም በሆነ መጠን የቱቦው ግድግዳ ቀጭን፣ ብረቱም የተሻለ ነው ማለት ነው። የሚላኖው ኮሎምቡስ «ኤስ ኤል» የሚለው ቱቦ ጫፎቹ ላይ 0.9፣ መሐሉ ላይ 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ ስላለው የሚወስደው ዘንግ 27.2 ነው። ትንሽ ወፈር ያለው «ኤስ ፒ» አብዛኛውን ጊዜ 27.0 ይወስዳል። ዘንጉ 26 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብስክሌቱ ምንም ያህል የሚያምር ስም ቢኖረው ለዕለት መጓጓዣ የተሠራ ከባድ ፍሬም መሆኑን ጠርጥሩ። የቀድሞው ባለቤት ያልተገባ ቀጭን ዘንግ ከትቶበትም ሊሆን ስለሚችል የቱቦውን አፍ ራሱን በካሊፐር ለኩት። ሹካውን ካወጣችሁ ደግሞ ወደ መሪው የሚወጣውን ቱቦ ከታች በኩል በባትሪ ተመልከቱ፤ በብዙ የኮሎምቡስ ሥራ ውስጡ ላይ የተጠማዘዙ ጎርባጣ መስመሮች ይታያሉ። በ1980ዎቹ የወጣው «ኤስ ኤል ኤክስ» በፔዳሉ ዘንግ አጠገብ ባሉት ቱቦዎች ውስጥም እንዲህ ያሉ መስመሮች ስላሉት ጣት አስገብቶ መዳሰስ ይቻላል። እነዚህን መስመሮች ማንም በተለጣፊ ሊያስመስላቸው አይችልም።

ዕድሜውን የሚነግራችሁ የካምፓኞሎ ዕቃ ነው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1933 ቪቼንሳ ውስጥ የመሠረተው ይህ ድርጅት በብዙ ዕቃዎቹ ላይ ዓመት ይቀርጽ ነበር። ኑዎቮ ሬኮርድ በተባለው የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ «ፓተንት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ዓመቱን ያመለክታል። በሬኮርድ የፔዳል ክንድ ጀርባ ላይ በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ ያለ ቁጥር ከ1970ዎቹ፣ በክብ ውስጥ ያለ ቁጥር ደግሞ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። የጎማው ሞዞ (የመሐሉ እምብርት) ማጥበቂያ ዳዶ ላይም «ካም» የሚል ቃልና ሁለት አሃዝ ይገኛል። ከዚህ ጋር በኋላው ሹካ መካከል ያለውን ስፋት አስተያዩ፦ 120 ሚሊሜትር ከኋላ አምስት ማርሽ ላለው፣ 126 ስድስትና ሰባት ላለው፣ 130 ደግሞ ከዚያ በኋላ ለመጡት ነው። ዕቃ ከአንዱ ብስክሌት ወደ ሌላው የሚዛወር ስለሆነ አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሦስትና አራት ምልክቶች በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሲገጥሙ ግን ብስክሌቱ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ብዙም እንዳልተነካ መገመት ይቻላል፣ ይህ ደግሞ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል።

የወንድማችን ብስክሌት 70 ሚሊሜትር፣ 27.2፣ 126 ሆኖ ተገኘ። የማርሽ መቀየሪያው 79 ይላል፣ የፔዳሉ ክንድ በአልማዝ ውስጥ 9 ይዟል። ከፔዳሉ ዘንግ ቱቦ ሥር ማንም በማያየው ቦታ ጥቁሩን ቀለም በቀስታ ስናነሣ ከሥሩ ደማቅ ሰማያዊ ወጣ። ወንድማችን ያን ምሽት በስልኩ ሲፈልግ አድሮ ሰማያዊ የጆስ ቀለም መሆኑንና በ1970ዎቹ ታዋቂው የቤልጅየም ተወዳዳሪ ሮጀር ደ ቭላሚንክ የነበረበት የብሩክሊን ቡድን በጆስ ይወዳደር እንደነበር አገኘ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ያ ደስታ ግን ትልቁ አደጋ ነው፤ ሰማያዊ የቀባው ጆስ ብቻ አይደለም። ጆስ በሹካውና በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚቀርጸውን ምልክት ፈልገን አጣን። የተገኘው የፍሬም ቁጥርና 58 የሚል የቁመት ልክ (በሳንቲሜትር) ብቻ ነበር። የጆስ ተለጣፊ አዝዞ ቢለጥፍ ዋጋው እጥፍ እንደሚሆን ወንድማችን አላጣውም፤ በግልጽም ጠየቀኝ። ይህ ማታለል መሆኑን፣ የሚያውቅ ገዢ ደግሞ ሹካውን አይቶ ወዲያው እንደሚለየው ነገርሁት።

ዋጋ ከመገመታችሁ በፊት ጉዳቱን ፈልጉ። ከፊት የተጋጨ ብስክሌት ከመሪው በታች ባለው ሰያፍ ቱቦ ላይ፣ ከመጋጠሚያው ጥቂት ሳንቲሜትር ወረድ ብሎ፣ ለዓይን የማይታይ እብጠት ይኖረዋል፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ጫፍ ዳስሱት። የካምፓኞሎ የፔዳል ክንድ ውበቱ ሳያታልላችሁ የጥርሱ ክንፎች ከክንዱ የሚገናኙበትን ጥግ በጥርስ ብሩሽ አጽድታችሁ በባትሪ ተመልከቱ፤ በዚያ ቦታ የፀጉር ያህል ስንጥቅ መውጣቱ የታወቀ ችግር ስለሆነ የተሰነጠቀ ክንድ አይነዳበትም፣ አይሸጥምም። የኮርቻው ዘንግ ወይም የመሪው አንገት አልነቃነቅ ካለ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር ተያይዟል ማለት ነው፤ ሰርሳሪ ዘይት ጨምራችሁ ለቀናት ታገሡ እንጂ በጉልበት አትጠምዝዙት። በሙጫ የሚጣበቅ የውድድር ጎማ ካለው ጎማው ጥሩ ቢመስልም አትንዱበት፤ የደረቀ ሙጫ በኩርባ ላይ ጎማውን ከቸርኬው ይለቀዋል።

ቀለሙን በምንም ምክንያት አትቀይሩ። የተጫጫረ የመጀመሪያ ቀለም ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ይበልጣል። የሚሸጥበትን ዋጋ ስትፈልጉ ሰዎች የሚጠይቁትን አትዩ፤ የሚጠይቅ ሁሉ አይሸጥምና። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ተጫኑና ተመሳሳይ ቱቦ፣ ተመሳሳይ ዕቃና ተቀራራቢ ቁመት ያላቸውን አስተያዩ። አንዳንድ ጊዜ ሱፐር ሬኮርድ የተባለው የካምፓኞሎ ዕቃ ብቻውን ከፍሬሙ በላይ ያወጣል፤ እንዲያ ሲሆን ነጋዴዎች ፈትተው ይሸጡታል። እኔ አብሮ የኖረን ሙሉ ብስክሌት መፍታት አልወድም፣ ገንዘብ የቸገረውን ሰው ግን አልወቅስም።

ለእኛ ለስደተኞች ከሁሉ የሚከብድ አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ርካሽ ብስክሌት የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። በጣሊያን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 መሠረት ከዋጋው ወይም ከሻጩ ሁኔታ የተነሣ ሊጠረጠር የሚገባውን ዕቃ ምንጩን ሳያጣራ የገዛ ሰው ራሱ ይጠየቃል። በጀርመን ደግሞ በቅን ልቦና የገዛችሁት ቢሆንም የተሰረቀ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል። የመኖሪያ ፈቃዱን እየጠበቀ ያለ ሰው በ70 ዩሮ ብስክሌት ምክንያት ፖሊስ ፊት መቅረብ የለበትም። ስትገዙ የሻጩ ስም፣ ቀን፣ ዋጋና የፍሬሙ ቁጥር ያለበት አጭር ጽሑፍ አስፈርሙ፣ ብስክሌቱንም ፎቶ አንሡት። አሜሪካ ያላችሁ ቁጥሩን ባይክ ኢንዴክስ በተባለው የብስክሌት መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ሻጩ መፈረም እምቢ ካለ ኮልናጎ እንኳ ቢሆን ትታችሁት ሂዱ።

ወንድማችን ቁመቱ አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት ስለሆነ 58 የሚለው ፍሬም ለእርሱ በምንም መንገድ አይሆንም ነበር፤ ሥራ ቢጀምርበት ኖሮ ወገቡን ይጎዳው ነበር። የግዢ ወረቀቱ በእጁ ስላለ፣ ጥቁሩ ቀለም እንዳለ ሆኖ፣ «ሠሪው ያልታወቀ፣ ቱቦው ኮሎምቡስ የሚመስል፣ ዕቃው 1979 ኑዎቮ ሬኮርድ» ብለን ጻፍንና የለካናቸውን ልኮች ከነፎቶአቸው አወጣን። በአሥራ አንደኛው ቀን ከቤርጋሞ አንድ ረጅም ሽማግሌ መጥተው የኮርቻውን ቱቦ በራሳቸው ካሊፐር ለክተው 450 ዩሮ ከፈሉ። ወንድማችን በ180 ዩሮ 53 ቁመት ያለው ኦልሞ የሚባል የጣሊያን ብስክሌት ገዛ፤ የኮርቻው ዘንግ 26.4 ነው፣ የማድረሻ ሣጥኑን ያሰረውም በእርሱ ላይ ነው።