«ቡድን መሪ ሁን» ተባልኩ፤ ሥራዬ ምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ሲና ነው። የ13 ዓመት ልጄ ከ15 ዓመት በታች በሆነ የሰፈር ቡድን ይጫወታል። አሰልጣኙ ጎበዝ ወጣት ነው፤ ግን ሁሉን ነገር ብቻውን ይዞ እየተንገላታ ነው። በቀደም ወላጆች ተሰብስበው «አንተ ሱቅ አለህ፣ ሒሳብ ታውቃለህ፣ ቡድን መሪ ሁንልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔ ግን ኳስ በወጉ ተጫውቼ አላውቅም። ቡድን መሪ ምንድን ነው የሚሠራው? አሰልጣኙ የማያሰልፋቸው ልጆች አሉ፤ በዚህስ መናገር እችላለሁ? ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ደብረ ብርሃን እየሄድን ለመጫወትም ታስቧል። እንቅልፍ የነሳኝ ጉዞው ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳንም እሺ አልክ። ኳስ አለመጫወትህ አያሳስብህ። ከነጩ መስመር ውስጥ ያለው የአሰልጣኙ ነው። ከመስመሩ ውጭ ያለው ሁሉ ደግሞ ያንተ ነው፦ ልጆቹ በሰዓቱ መድረሳቸው፣ ወረቀታቸው፣ ማልያቸው፣ ውሃቸው፣ ገንዘባቸው፣ ቤታቸው በሰላም መግባታቸው። አሰልጣኙ ስለ ኳስ ብቻ እንዲያስብ ካደረግከው ሥራህን ሠርተሃል።

እኔ ደብረ ብርሃን የስፖርት መምህር ሆኜ ስሠራ የታዳጊዎች ቡድን መሪ ሆኜ ብዙ ዘመን አሳልፌያለሁ። ጥሩ አሰልጣኝ እያላቸው የተበተኑ ቡድኖች አይቻለሁ። ብዙዎቹን የበተናቸው ገንዘብና የወላጅ ኩርፊያ ነው። ስለዚህ ከገንዘብ ልጀምር።

ሱቅ ስላለህ አንድ አደራ፦ የቡድኑን ብር ከሱቁ መሳቢያ ጋር አትቀላቅል። «በቴሌብር ወደ እኔ ስልክ ላኩ» አትበል። በሦስት ወላጆች ስም የባንክ ደብተር ክፈቱ፤ ሁለታችሁ ካልፈረማችሁ ብር አይውጣ። ዕድር እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ። ሰብሳቢ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። እንደዚያው አድርጉት። ወር በገባ በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ሒሳቡን ለወላጆች አንብብላቸው። ይህን ያህል ገባ፤ ለኳስ ይህን ያህል፣ ለሚኒባስ ይህን ያህል ወጣ፤ ይህ ቀረ። ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ የወላጆች ቴሌግራም ላይ ልቀቀው። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠመህ በብጣሽ ወረቀት ጻፍና አስፈርመው። ማንም ሳይጠይቅህ በፊት ካሳየህ ማንም አያማህም።

ያልከፈለውን ሰው ስም ግን በፍጹም አታንብብ። አንድ ቡድን መሪ ያልከፈሉ ልጆችን ስም ሜዳ ላይ ሲጠራ አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ቁጭ ብሎ ታኬታውን ፈታ። ሁለቱን በማሰሪያቸው አያይዞ አንገቱ ላይ አንጠለጠላቸውና በባዶ እግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም። እናቱ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች። መዋጮ ያቃተው ወላጅ ካለ አንተና ገንዘብ ያዡ ብቻ እወቁት፤ የልጁን ድርሻ ከጋራው ሸፍኑለት፤ ልጁ እንኳ አይስማ። ልጅ በወላጁ ኪስ ምክንያት ከቡድን መቅረት የለበትም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። ያንተ ልጆች ደግሞ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሲወለዱ የወጣላቸው የልደት ምስክር ወረቀት አይኖራቸውም። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የተገኘውን ሁሉ ሰብስብ። ወላጆቹንም ወደ ቀበሌ ላካቸው፤ ዘግይቶ መመዝገብም ይቻላል። ኮፒውን አንተ ጋ አስቀምጥ፣ ዋናውን ለወላጅ መልስ።

ውድድሩ ዕድሜ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ታኅሣሥ ላይ ለተወለዱ ልጆች ልብ በል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ የ2010 ልጅ ነው። በማግስቱ የተወለደው ግን የ2011 ልጅ ይሆናል። በአንድ ቀን ልዩነት አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል። ስሌቱን ከመመዝገባችሁ በፊት ሥራው፤ ክስ ከመጣ በኋላ ብታስረዳ ሰሚ የለህም።

«ትንሽ ዕድሜ ቀንስለት» የሚል ወላጅ መምጣቱ አይቀርም። አይሆንም በለው። ፊፋ በ2009 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ (የአጥንትን እድገት አሳይቶ ዕድሜ በሚያስገምት የምስል ምርመራ) ማስመርመር የጀመረው የዕድሜ ማጭበርበር ስላስቸገረው ነው። በሰፈር ውድድር ኤምአርአይ የለም፤ ያለው ያንተ ቃል ብቻ ነው። የ17 ዓመት ጎረምሳ ከ13 ዓመት ልጅ ጋር ኳስ ሲሻማ የማን እግር እንደሚሰበር አንተም ታውቃለህ። ያ ልጅ ደግሞ ያንተው ልጅ ሊሆን ይችላል።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳህ ጉዞ።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቡድን ይዞ መሄድ ማለት ቆላና ደጋ መመላለስ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። አንተ መሐል ላይ ነህ። ወደ ታች ስትወርድ ልጆችህ ሙቀቱን አልለመዱትም። ከአስተናጋጁ ቡድን ጋር አስቀድመህ ተነጋገርና ጨዋታው ጠዋት 2 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ ውሃ ያዝ፤ ዳኛውንም በየአጋማሹ መሐል ለውሃ እንዲያቆም ጠይቀው። ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ ጣርማ በር ላይ ጉሙ አለ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ አለ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ተቀያሪ ሆኖ የሚቀመጥ ልጅ በቁምጣ አንድ ሰዓት ብርድ ላይ ቆይቶ «ግባ» ሲባል ጡንቻው ይሸመቀቃል። ሹራብና ጋቢ አስይዛቸው፤ ከመግባቱም በፊት በደንብ ያሟሙቅ።

መኪናው ላይ ትርፍ አትጫን። ሁለት ልጅ ለመጨመር ሲባል ያንን ቁልቁለት በተጨናነቀ ሚኒባስ መውረድ አይገባም። ከአሰልጣኙ ሌላ ቢያንስ አንድ አዋቂ አብሮህ ይሂድ፤ አንድ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ለብቻው የሚቀርበት አጋጣሚ አይኑር። ከእያንዳንዱ ወላጅ የተፈረመ ፈቃድና ስልክ ቁጥር ያዝ። ስትነሱ ቁጠር፣ ስትደርሱ ቁጠር፣ ለሻይ ከቆማችሁም በኋላ ቁጠር። የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ቀን ጠዋት ሳትጠይቅ አትነሳ። ጥርጣሬ ካለህ ጨዋታውን ሰርዘው፤ ፎርፌ ይስጡብህ። ሳይመሽ መመለስ ደግሞ ድርድር የለውም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ከጨዋታው ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድመው ይብሉ፤ ከዚያ በኋላ ዳቦና ሙዝ ይበቃል። ጨዋታ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ላይ ሲወድቅ ግን ልጁን አንተ «ብላ» ወይም «ጹም» አትበለው። ወላጁን አነጋግር፤ ለሚጾሙት ሰዓቱ እንዲመቻቸው ጨዋታውን ለማስቀየር ሞክር።

ስለ ማተብ ማንም ቀድሞ የማይነግርህን ልንገርህ። የጨዋታው ሕግ ጌጣጌጥ በሙሉ ይከለክላል፦ የአንገት ሐብል፣ ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ የእጅ አምባር። በፕላስተር መሸፈንም አይፈቀድም። ዳኛው ለፍተሻ ሲመጣ አንገቱ ላይ መስቀል ያለው ልጅ «አውልቅ» ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ «እናቴ እንዳትፈታው ብላኛለች» ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሃያ ሰው ከቦት ይጮኻል፤ ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ይህ ሜዳ ላይ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ከሳምንት በፊት ከእናቶቹ ጋር ጨርሰው። የብሩን መስቀል እናት ቤት ታስቀምጠው፤ ካልሆነ በየልጁ ስም በፖስታ አድርገህ አንተ ያዝላቸው። የክሩን ነገር ከጨዋታው በፊት ዳኛውን በትሕትና ጠይቀው፤ የሚለውንም ተቀበል። የቅልጥም መከላከያም ግዴታ ነው። በካልሲ ያልተሸፈነ ከሆነ ዳኛው ይመልስሃል።

ጉዳትን በሚመለከት ሦስት ነገር አጥብቀህ ያዝ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የፈዘዘ፣ ያዞረው ወይም የት እንዳለ የጠፋበት ልጅ ወዲያው ይውጣ። «ደህና ነኝ» ቢል፣ አባቱ «ወንድ ልጅ ነው» ቢል፣ በዚያ ቀን አይመለስም። ካስታወከው ወይም ራስ ምታቱ ከባሰበት ቀጥታ ሆስፒታል። ሁለተኛው፣ ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ከሜዳ ይውጣ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትመለሱ። ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ ክልክል ነው። ሦስተኛው ወጌሻ ነው። ወጌሻ የምናከብረው ሙያ ነው፤ ወለምታ ያሻል። ስብራት የተጠረጠረበትን እግር ግን ጥብቅ አድርጎ ሲያስር ደም መዘዋወሩ ይቆማል። ጣቱ የቀዘቀዘ፣ የደነዘዘ ወይም የጠቆረ ልጅ እግሩን ሊያጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት እግር የሚቆረጥባቸው ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች ዛሬም አሉ። ስለዚህ ያበጠና የተጣመመ እግር መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። ወላጅ ቢቆጣም ታገሠው እንጂ አትሸነፍለት።

አሰልጣኙን በተመለከተ፣ ማን ይሰለፍ የሚለው የእሱ ነው። ያንተ ልጅ ቡድኑ ውስጥ ስላለ ደግሞ አፍህን እጥፍ አድርገህ ያዝ። ወላጆችም ወደ እሱ እንዳይሮጡ አንተ መሐል ግባ። ቅሬታ ያለው ሰው በማግስቱ ላንተ ይንገርህ፤ በጨዋታ ቀን አይነጋገርም። በሌላ በኩል፣ ለወራት ልምምድ ሳይቀር አንዴም ያልተሰለፈ ልጅ ካለ ለብቻችሁ ሆናችሁ «ይህ ልጅ ምን ቢያሻሽል ይገባል?» ብለህ ጠይቀው። መልሱን ልጁ መስማት አለበት። ስድብና ጥፊ ካየህ ግን ዝም ብትል ጥፋተኛ ነህ። አሰላለፉ የእሱ ነው ስልህ ልጆቹ የእሱ ናቸው ማለቴ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው። ልጄ የሴቶች ቡድን ውስጥ ገብታለች። አሰልጣኙም ቡድን መሪውም ወንዶች ናቸው። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ግን ከከተማ ውጭ ስትሄድ እሰጋለሁ። ሰዎች ከልክያት ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አትከልክያት። ስጋትሽ ግን ትክክል ነው። ሴቶች ልጆች ያለ ሴት አዋቂ ከከተማ መውጣት የለባቸውም፤ ይህንን ለቡድን መሪው በግልጽ ንገሪው። ጨዋ ሰው ከሆነ ደስ ይለዋል። አንቺ ራስሽ ወይም ሌላ እናት በተራ ሂዱ። የቡድኑ ሻንጣ ውስጥ ሞዴስና ትርፍ ቁምጣ ይኑር፤ ልጆቹም ወንድ ሳይጠይቁ የሚያገኙት ይሁን። ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል መኖሩን ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ። ወር አበባዋ መጣ ብላ ኳስ ያቆመች ጎበዝ ተጫዋች አውቃለሁ፤ ያስቆማት የሚያግዛት ሰው ማጣት ነው።

ጥያቄ፦ ከጫጫ። መኪና ተበላሽቶብን ስምንት ልጆች ብቻ ይዘን ደረስን። ዳኛው አጫወተን። ተቃራኒዎቻችን «ሕገ ወጥ ነው» አሉ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ዳኛው። በጨዋታው ሕግ አንድ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ሰባት ተጫዋች ካለው ጨዋታው ይጀመራል፤ ከሰባት ካነሰ አይጀመርም፣ አይቀጥልምም። ስምንት ሆነህ ገብተህ ሁለት ልጅ ከወጣብህ ያበቃል። ለወደፊቱ ግን የዘገዩትን ልጆች ስም ዝርዝሩ ላይ ጽፈህ ለዳኛው ስጥ። ስማቸው ቀድሞ የተጻፈ ከሆነ ሲደርሱ በዳኛው ፈቃድ ይገባሉ። ካልተጻፈ ግን ከሜዳው ዳር ቆመው ያያሉ።