ከሐዋሳ ደርሶ መልስ፦ የአንድ ቀን ጉዞ ጥያቄዎችና መልሶች

ሐዋሳ በኖርኩባቸው ዓመታት እንግዳ ይዤ ከከተማ ያልወጣሁበት ወር ጥቂት ነው። አንዳንዴ ለሥራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለዘመድና ለወዳጅ ነው። «ቅዳሜን የት እንዋል?» የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን ስለበዛ፣ የደረሱኝን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ ብያለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ለማየት የወጣ ሰው አስፋልት አይቶ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናትና አባቴ ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን ይመጣሉ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ሩቅ ሳልሄድ የት ልውሰዳቸው?

ወንዶ ገነት ውሰጃቸው፣ ልጄ። እስከ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ወንዶ ገነት ስትታጠፊ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርሻል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሸንኮራ አገዳና አቮካዶ ታያላችሁ፤ ከፊት ደግሞ በደን የተሸፈነው ተራራ አለ። ፍል ውሃው የሚፈልቀው ከዚያ ግርጌ ነው። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። እሑድ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ቦታው በሰው ይሞላል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ግን ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ በጸጥታ ታያላችሁ። ለእናትሽ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ ያዢላት፤ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የደም ግፊት ካለባት ውሃው ውስጥ ብዙ እንዳትቆይ፣ ሐኪሟንም አስቀድማ ትጠይቅ። የደን ኮሌጁም እዚያው ነው። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችንን የደን ባለሙያዎች ሲያፈራ ኖሯል፤ አባትሽ ዛፍ የሚወዱ ከሆነ ከፍል ውሃው ይልቅ እሱ ይስባቸው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ 7 እና 10 ዓመታቸው ነው። ፍላሚንጎ በመጽሐፍ አይተው «ካልወሰድከን» ብለው ይዘውኛል። አቢጃታ ሻላ ለልጆች ይሆናል?

ይሆናል፤ ነገር ግን ምን እንደሚያዩ ቀድመህ ንገራቸው። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። አርሲ ነገሌን አልፈህ በስተግራ ታገኘዋለህ። በሩ አካባቢ ሰጎን፣ የሜዳ ፍየልና ከርከሮ ማየት የተለመደ ስለሆነ ልጆቹ ገና ሳይደክማቸው ይደሰታሉ።

ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ቢተኙም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ጥልቁ እሱ ነው። አቢጃታ ግን ጥልቀት የለውም። በድሮው ጊዜ ፔሊካኖች ጎጆ የሚሠሩት አውሬ በማይደርስባቸው የሻላ ደሴቶች ላይ ነበር፤ ሻላ ለምግብ የሚሆን ዓሣ ስለሌለው ደግሞ ከፍታውን ተሻግረው አቢጃታ ላይ ያጠምዱ ነበር። አቢጃታ ውሃ የሚያገኘው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በኩል ነው። መውጫ የለውም። ከላይ ለመስኖ፣ ከሐይቁም ራሱ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣውም አለቀ። ፍላሚንጎዎቹ ግን የሚመገቡት ጨው በበዛበት ውሃ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይመጣሉ። ይህን ለ10 ዓመት ልጅህ ብትነግረው ይገባዋል፤ እኔ ለብዙ ልጆች ነግሬ አይቻለሁ።

አሁን ስለ ጥንቃቄው። የአቢጃታ ዳር ነጭና ደረቅ መስሎ ይታያል፤ ሥሩ ግን ጭቃ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ወፎቹ ልጠጋ ብዬ መኪናዬ እስከ ጎማዋ አጋማሽ ሰጥማ እኩለ ቀን ላይ ቆመን ቀረን። የአካባቢው ወጣቶች የግራር ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር እየደለደሉ፣ እየገፉ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አወጡን። ስለዚህ መኪናህን ጠንካራው መሬት ላይ አቁም፤ ከፓርኩ ስካውት ጋር በእግር ሂዱ፤ ርቀት የሚያቀርብ መነጽር ብትይዙ ከመጠጋት ይሻላል። ወፎቹን ለፎቶ ብሎ በጩኸት ማስነሳት ደግሞ ነውር ነው።

የሻላን ፍል ውሃ አትለፉት። እንፋሎቱ ገና ከሩቅ ይታያል፤ ስትቀርቡ ፊት ላይ ይመታል። የአካባቢው ልጆች እሸት በቆሎ ምንጩ ውስጥ ነክረው ሲቀቅሉ ታያላችሁ። ውሃው በቆሎ የሚያበስል መሆኑን አትርሳና የልጆችህን እጅ አትልቀቅ።

አንድ ልመና አለኝ። ስትመለሱ በመንገድ ዳር የተደረደረውን ከሰል አትግዙ። ያ ግራር ከየት እንደተቆረጠ ፓርኩ ውስጥ ጉቶውን አይታችሁ ነው የምትመጡት።

ጥያቄ፦ ላንጋኖንና አቢጃታ ሻላን በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል? «አንድ ቀን አንድ ቦታ» ብለዋል ብዬ ነው።

ይህን እፈቅዳለሁ፤ ሁለቱን የሚለያቸው አስፋልቱ ብቻ ነው። ጠዋት ፓርኩን ጨርሳችሁ፣ ፀሐይ ሲበረታ ለምሳና ለዋና ወደ ላንጋኖ ተሻገሩ። የውሃው ቀይ ቡና መልክ ያስደነግጣቸዋል የሚባሉ እንግዶች ካሉ፣ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ ደለል መሆኑን ንገሯቸው። ከ10 ሰዓት በፊት ጉዞ ጀምሩ። በዚያ መንገድ ማታ ማታ ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው ባጃጅ ይበዛል።

ጥያቄ፦ እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ብንዋኝስ?

አልመክርም። ቢልሃርዝያ አለበት፣ ጉማሬም አለበት። በጀልባ ተንሸራሸሩ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ መኪና የለኝም። በሕዝብ ትራንስፖርት ሄጄ በማታ የምመለስበት ቦታ ይኖራል?

ይርጋለም ሂድ። ከመነኻሪያ በዲላ መስመር ተሳፍረህ አፖስቶ ላይ ትታጠፋለህ። ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ዋና ከተማነቱ ወደ ሐዋሳ ከመዛወሩ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም እንደነበረች ነው። አሮጌዎቹን ሰፈሮች በእግር ዙር፤ ሽማግሌ ካገኘህ «ድሮ እዚህ ምን ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ ከማንኛውም አስጎብኚ የተሻለ ትሰማለህ። ምሳ ላይ ቡርሳሜ እዘዝ። በሻፌታ፣ ማለትም በሸክላው ሳህን፣ ቅቤው ቆጮውን አርሶት ትኩስ እንዳለ ይቀርብልሃል፤ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይሄዳል፣ ስለዚህ ወሬውን ለኋላ አቆየው። ወደ ሐዋሳ የሚመለስ መኪና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያበቃ ገና ስትደርስ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይሳካል?

መኪና ካላችሁ በደንብ ይሳካል። ከሻሸመኔ በሐላባ መስመር አጄን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። እዚያ የምታዩት የስዌይን ቆርኬ የሚባለው ቀንዳም የዱር እንስሳ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ነው፤ ቦታው ደግሞ ገላጣ ሣር ስለሆነ ፈልጎ ማጣት የለም። ማለዳ ሂዱ።

ጥያቄ፦ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ለማየት አንድ ቀን ይበቃል ወይስ ዲላ ማደር አለብን?

ማደሩ ይሻላል፤ ቀን ከሌላችሁ ግን ይቻላል። ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ትክል ድንጋዮቹ ያሉበት ጨልባ ቱቱቲ ደግሞ ከዲላም አልፎ በይርጋ ጨፌ በኩል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መነሳት አለባችሁ። ድካሙ የሚካስበት ቦታ መሆኑን ግን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የተመዘገበው ድንጋዩ ብቻ አልነበረም። ትልልቆቹ አገር በቀል ዛፎች ከላይ፣ እንሰቱ ከመሃል፣ ቡናው ከሥር ሆነው በአንድ ማሳ የሚኖሩበት ያ እርሻ አብሮ ተመዝግቧል። ስለዚህ በመኪና መስኮት የምታዩት ሁሉ ቅርሱ ራሱ ነው። ከዲላ በኋላ አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ማሳው ውስጥ ግቡ። ውጭ ፀሐዩ እየፈጀ ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለምለም ያለ ነው፤ እግር የሚረግጠው በቅጠል የለሰለሰ አፈር ነው።

ከድንጋዮቹ የቆሙ አሉ፣ የወደቁም ብዙ ናቸው። ቱቱ ፈላ በሚባለው ሌላው የትክል ድንጋይ ቦታ ላይ የሰው መልክ የተቀረጸባቸውን ታገኛላችሁ። በወደቁት ላይ መቀመጥና ልጅ አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት ይቅርባችሁ፤ ብዙዎቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ እንግዳ ብጋብዝ ከከተማ ማውጣት አለብኝ?

በፍጹም። የዚያን ቀን ትልቁ ጉዞ እዚሁ ሐዋሳ በዓሉ የሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ ነው። በዓሉ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ባህላዊ የከዋክብት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚያሳውቁ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ እንግዳህ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ቀኑ መታወጁን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይስ?

አስፋልት አትልቀቁ። ወንዶ ገነትና ይርጋለም በክረምትም ያምራሉ፤ ፓርኩንና ሰንቀሌን ለበጋ አቆዩ። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ከመነሳታችሁ በፊት መነኻሪያ ሄዳችሁ ያንን መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ የዛሬውን ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ግማሽ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ ገንዘቤም ትንሽ ነው።

ከከተማ አትውጣ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ታቦር ተራራ ውጣ፤ ሐይቁ በሙሉ ከሥርህ ይታያል። ከዚያ ወርደህ አሞራ ገደል ሂድ። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ልጆች ቆሮሶውን በሁለት ሦስት የቢላ ምት ሲያጸዱ፣ ትልልቆቹ ወፎች ደግሞ ትርፍራፊ ለመልቀም ተሰልፈው ሲጠብቁ ታያለህ። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ አሉ፤ እኔ ለእንግዳ የማዘው የተጠበሰውንና ሾርባውን ነው። ብቻ አትዘግይ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ከደረስክ የማለዳው ጀልባ ሁሉ ዳር ወጥቶ፣ መረቡም ለመድረቅ ተሰጥቶ ነው የምታገኘው።